የእንግሊዝኛ ፈሊጦች፦ ወሎ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ብዙ ዓይነት ናቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቅ አለ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የሚሠራ አለ። ላሊበላ ላይ እንግዳ የሚያስጎበኝ አለ። ሁሉም ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። እያንዳንዱን ቃል ያውቁታል፤ የተባለው ነገር ግን አልገባቸውም። ያ ቦታ ፈሊጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የእንግሊዝኛውን አባባል በፊደላችን የጻፍኩት ሁሉም ሰው ድምፁን እንዲሰማው ብዬ ነው።

ፈሊጥ ምንድን ነው? ከተረትና ምሳሌ በምን ይለያል?

ቃላቱን አንድ በአንድ ብትደምሯቸው የማታገኙት ትርጉም ያለው አባባል ነው። «ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ» ስንል ጨው የሚፈልግ ሰው የለም። «አያፍርም» ማለታችን ነው። ተረትና ምሳሌ ራሱን ችሎ ይቆማል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብላችሁ ዝም ብትሉ ነገሩ አልቋል። ፈሊጥ ግን የዓረፍተ ነገር ቁራጭ ነው። «ጆሮ ዳባ ልበስ» ማን አለ? ለምን? እሱን እናንተ ትሞሉታላችሁ። የእንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው።

ቃላቱን ሁሉ እያወቅኩ ለምን አይገባኝም?

አንድ የላሊበላ አስጎብኚ ያጫወተኝን ላንሳ። እንግዶቹን ቀኑን ሙሉ ከቤተ ማርያም እስከ ቤተ ጊዮርጊስ ሲያዞር ዋለ። ሲመሽ ቤቱ ቡና ጋበዛቸው። እናቱ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ዕጣን አጫጭሰው እየጠበቁ ነው። አንዷ እንግዳ ፈገግ አለችና «ካን አይ ቴክ ኤ ሬይን ቼክ?» አለችው። ልጁ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ደመና የሚባል ነገር የለም። «ኖ ሬይን፣ ኖ ፕሮብሌም!» አላት። ሴትዮዋ ሌላ ነገር ሳትናገር ተከተለችው። አቦሉን ይዛ ግን ዓይኗ ይከደን ነበር። ቶናው ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

«ሬይን» ዝናብ መሆኑን ልጁ ያውቃል። «ቼክ»ንም ያውቃል። አባባሉ የመጣው ግን ከአሜሪካ የቤዝቦል ሜዳ ነው። ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ በሌላ ቀን የሚገባበት ትኬት ይሰጠው ነበር። ዛሬ ዝናብም ቤዝቦልም የለበትም። «ግብዣህን ወድጄዋለሁ፣ ዛሬ ግን አልችልም፣ ለሌላ ቀን ይቆየኝ» ማለት ነው። ይህቺ «ይቆየኝ» የምትለዋ የኛ ቃል ልክ ያንን ሥራ ትሠራለች። ልጁ ይህን ሲሰማ በጣም አዘነ። እንግዳዋ ደክሟት ሳለ እምቢ ማለት እንዳትችል አድርጓታልና። ቃል አልጎደለበትም። የጎደለው ቃላቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሠሩትን ሥራ ማወቅ ነው።

ቃል በቃል ብተረጉመው ምን ችግር አለው?

ትርጉም ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም። የውጫሌ ውል እዚሁ አምባሰል ውስጥ በ1881 ዓ.ም. ተፈረመ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይል ነበር። የጣልያንኛው ደግሞ ግዴታ አስመሰለው። የዚያ አንድ ግሥ መዘዝ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደረሰ። እርግጥ ያ ፈሊጥ አልነበረም። ግን አንድ አባባል በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ሊሆን እንደሚችል ተማሪዎቼ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያስፈልጋቸውም።

ወደ ዕለት ኑሯችን ስንመጣ አንድ ቀላል ምሳሌ አለ። «ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዮር ኮርት» የሚለውን ተማሪዎች «ኳሱ ፍርድ ቤትህ ነው» ብለው ይተረጉሙታል። «ኮርት»ን የሚያውቁት በፍርድ ቤትነቱ ነዋ! እዚህ ግን የቴኒስ ሜዳ ነው። ኳሱ ወደ አንተ መጥቷል፣ መምታት ያንተ ፋንታ ነው፣ ውሳኔው ያንተ ነው።

ከዚህ የባሰ አሳሳች የሆነብኝ ደግሞ ስለ ወገብ የሚወራው ነው። በኛ «ወገቡን ታጥቆ ተነሳ» ማለት ቆርጦ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ «ታይትን ዮር ቤልት» ቀበቶህን አጥብቅ ይላል። ግን ሥራ ጀምር ማለት አይደለም፤ ወጪህን ቀንስ ማለት ነው። አለቃችሁ «ዊ ሃቭ ቱ ታይትን አወር ቤልትስ» ካለ ለሥራ አትነሳሱ፤ የበጀት ቅነሳ እየመጣ ነው። ለኛው «ወገብን መታጠቅ» የሚቀርበው «ሮል አፕ ዮር ስሊቭስ» ነው፤ እጅጌን መሰብሰብ።

ታዲያ ከየትኞቹ ልጀምር?

ከሥራችሁ ጀምሩ። መቶ ፈሊጥ የተደረደረበት ወረቀት ኮፒ አድርጎ መሸምደድ ጊዜ ማባከን ነው። በየቀኑ ጆሯችሁ የሚገባውን ያዙ።

ኮምቦልቻ ለምትሠሩ «ኮል ኢት ኤ ዴይ» ማለት «የዛሬው ይብቃን» ነው። «ኦን ዘ ሴም ፔጅ» ማለት «ተግባብተናል፣ አንድ ሐሳብ ላይ ነን» ነው። «ተች ቤዝ» ደግሞ ትንሽ መነጋገር፣ ምን ላይ እንደደረሳችሁ መጠያየቅ ነው። «ከት ኮርነርስ»ን በተለይ እወቁት። ጊዜ ወይም ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ሥራን ለብ ለብ አድርጎ መሥራት ነው። ልብስ ስፌት ክፍል ያለ ሰው «ዶንት ከት ኮርነርስ» ሲባል የጨርቁን ጥግ አትቁረጥ የተባለ ቢመስለው አይፈረድበትም። መቀሱን አስቀምጦ ሥራ ያቆመ ሰው አውቃለሁ።

ለተማሪዎች የምወደው አንድ አለ፤ «ዊዝ ፍላይንግ ከለርስ»። «ከለርስ» እዚህ ቀለም አይደለም፤ ባንዲራ ነው። ድል አድርጋ የምትመለስ መርከብ ባንዲራዋን ከፍ አድርጋ ትሰቅላለች። «ሺ ፓስድ ዊዝ ፍላይንግ ከለርስ» ማለት በከፍተኛ ውጤት አለፈች ነው። የኛ ተማሪዎችስ ምን ይላሉ? «ሰቀለች!» ይላሉ። ጎበዙን ተማሪ «ሰቃይ» ይሉታል። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ እንዲህ ነው። ይህን የነገርኳቸው ተማሪዎች አንዳቸውም አልረሱትም።

«በርን ዘ ሚድናይት ኦይል» ደግሞ ለወሎ ልጅ መተርጎም የለበትም። «የእኩለ ሌሊት ዘይት ማቃጠል» ነው፤ እስከ ሌሊት ቁጭ ብሎ ማጥናት ወይም መሥራት። ከገጠር መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። ስንቃቸውን ቅዳሜና እሁድ ከቤተሰብ ያመጣሉ። መብራት በሌለበት ሌሊት ኩራዝ ያበራሉ። ጠዋት ክፍል ሲገቡ አፍንጫቸው ሥር ጥቀርሻ ይታያል። ያ ጥቀርሻ የዚህ ፈሊጥ ሙሉ ትርጉም ነው። ፈሊጡ ሲወለድ እንግሊዞቹም የሚያበሩት በዘይት መብራት ነበር።

የተቀሩት ቀላል ናቸው። «ኤ ፒስ ኦፍ ኬክ» በጣም ቀላል፣ «እንደ ውሃ መጠጣት» ነው። «አንደር ዘ ዌዘር» ትንሽ አሞኛል ነው፤ ለከባድ ሕመም አይሆንም። «ኮስት አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ» ዋጋው አይቀመስም ነው። «ኮልድ ሾልደር» መስጠት ፊት መንሳት ነው። «ቢት አራውንድ ዘ ቡሽ» ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ነው። «ጌት ኮልድ ፊት» ደግሞ በእግር ብርድ አትተርጉሙት፤ ልክ የመጨረሻው ሰዓት ላይ ወኔ ሲከዳ ነው። ሽማግሌ ልኮ፣ ቀን ቆርጦ፣ ሠርጉ ሲቃረብ የሚያመነታ ሙሽራ «ኮልድ ፊት» አለበት ይባላል።

አንዳንዶቹ ልክ እንደ አማርኛው ናቸው። ለምን?

ሰው የትም ሰው ነው። እጅና አፍ ያለው ሁሉ ስለ ድህነት ሲያወራ ከሁለቱ አይወጣም። «ከእጅ ወደ አፍ» እንላለን፤ እነሱም «ሃንድ ቱ ማውዝ» ይላሉ። «ላም አለኝ በሰማይ» እንላለን። እነሱ ደግሞ ሰማዩ ላይ ላም ሳይሆን ኬክ መሳይ ምግብ ያስቀምጣሉ፤ «ፓይ ኢን ዘ ስካይ» ይሉታል። «ከድጡ ወደ ማጡ»ን እነሱ «ከመጥበሻው ወደ እሳቱ» ይሉታል። እኛ በክረምት ጭቃ አሰብነው፤ እነሱ በማድ ቤታቸው።

ከእነሱ ወደኛ የተሻገሩም አሉ። «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» እና «የአዞ እንባ» ዛሬ አማርኛ ሆነዋል። ማንም ባዕድ ነው ብሎ አይሰማውም።

ሌሎቹ ከቅዱሳት መጻሕፍት የመጡ ናቸው። «ዘ አፕል ኦፍ ማይ አይ» የሚለውን ተማሪ «የዓይኔ ፖም» ብሎ ሲጽፍ አያለሁ። መዝሙረ ዳዊት ላይ «እንደ ዓይን ብሌን ጠብቀኝ» የሚለው ነው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ያንን ብሌን «አፕል» አለው፤ በድሮ እንግሊዝኛ የዓይን ብሌን እንደዚያ ይጠራ ነበርና። ስለዚህ «የዓይኔ ብሌን» ብላችሁ ተርጉሙት፤ አለቀ። ግመል በመርፌ ቀዳዳ ማለፏ ደግሞ ወሎ ውስጥ ለሁሉም ይሆናል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 አለ። በቁርኣንም በአል አዕራፍ ምዕራፍ አንቀጽ 40 አለ። አንድ ክፍል ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን አንዱ ከመድረሳ ሰምተውት፣ እኩል እጃቸውን ሲያወጡ ያየሁበት ቀን ልቤን ሞልቶታል።

ግመል፣ በግ፣ ዝሆን… ለምን እንስሳ በዛ? የኛዎቹ እንስሳት አንድ ናቸው?

እንስሳው አንድ ነው፤ የተሰጠው ትርጉም ግን ይለያያል። «ዘ ስትሮው ዛት ብሮክ ዘ ካምልስ ባክ» የሚለውን ለማስረዳት ባቲ ሰኞ ገበያ መውረድ ይበቃል። ግመል ይንበረከካል፤ ይጫናል፤ ይጨመርበታል። ዝም ይላል። አንገቱን ዞር አድርጎ ያያል እንጂ አይናገርም። ፈሊጡ የሚለው በመጨረሻ የተጨመረችው አንዲት ገለባ ጀርባውን ሰበረችው ነው። ገለባዋ ከብዳ አይደለም፤ በፊት የነበረው ጭነት ሞልቶ ነው። እኛ «ሞልቶ ፈሰሰ» የምንለው ነው። ሰው በትንሽ ነገር ቱግ ሲል፣ ከትንሿ ነገር በስተጀርባ ያለውን ክምር ለማሳየት ይጠቅማል። በአጭሩ «ዛት ዋዝ ዘ ላስት ስትሮው» ማለት ይቻላል።

«ብላክ ሺፕ» ላይ ግን እንለያያለን። እነሱ ዘንድ የቤተሰቡ አሳፋሪ ማለት ነው። ጥቁር የበግ ፀጉር ሌላ ቀለም ስለማይቀበል ነጋዴው ዋጋ አይሰጠውም ነበር። በኛ ደጋ ጥቁሩ ፀጉር ተፈትሎ ባና ይሆናል፤ ውርጩን የሚያስረሳው እሱ ነው። ስለዚህ አያታችሁ ስለ ጥቁር በግ የሚያወሩትን ቃል በቃል ለፈረንጅ አታቀርቡትም። የሱንም ለአያታችሁ።

«ዚ ኤለፈንት ኢን ዘ ሩም» ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ግን የማያነሳው ትልቅ ጉዳይ ነው።

ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ «ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» ልበል?

ብትሉ ይገባቸዋል። ግን ያረጀ አባባል ነው። ዛሬ በአፍ የሚሉት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ሐምሌ ላይ ደሴ ቆማችሁ፣ ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ ሰማዩ ተቀዶ ሲወርድ «ኢትስ ፖሪንግ» በሉ። በየቀኑ የሚባለው ይህ ነው። የእንግሊዝኛ ፈሊጥ የሚባል ነገር ሲነሳ ትምህርት ቤት ሁሉ ከዚህ የሚጀምረው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ተማሪው የማይሰማውን ቀድሞ ይማራል፤ የሚሰማውን ሳይማር ይቀራል።

ስለዚህ አባባል ኢንተርኔት ላይ የሚዞር ታሪክ አለ። ድሮ ውሾችና ድመቶች ሣር ክዳን ላይ ይተኙ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ እየተንሸራተቱ ይወድቁ ነበር ይላል። እውነት አይደለም። ሣር ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ውሻ ጣራ ላይ አይተኛም። ዝናብ ሲመጣም ወደ ውስጥ ይሮጣል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም።

ስለዚህ የአመጣጥ ታሪኮችን አልመን?

አንዳንዱ እውነት ነው። «ሬይን ቼክ»ን አይተናል። «ሬድ ቴፕ» የመጣው እንግሊዝ አገር የመንግሥት ሰነዶች በቀይ ጥብጣብ ይታሰሩ ስለነበረ ነው። ዛሬ «ነገ ና፣ ማኅተም ያዥው የለም» የሚባለውን ምልልስ ያመለክታል።

ከሁሉም የምወደው «ሬድ ሌተር ዴይ» ነው። የማይረሳ ታላቅ ቀን ማለት ነው። ድሮ በቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያቸው የበዓላት ስም በቀይ ቀለም ይጻፍ ነበር። ይህን ለማየት ለንደን መሄድ የለባችሁም። የብራና መጻሕፍታችንን ግለጡ። ጥቁሩ ጽሑፍ መሃል የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ደምቆ ይታያል። ሐይቅ እስጢፋኖስን ያህል የብራና ቅርስ ያለው ገዳም አጠገባችን አለ። ከዚያ አካባቢ የመጡ ተማሪዎቼ ይህን ፈሊጥ በአንድ ጊዜ ይይዙታል። ዲያቆን የሆነው ተማሪማ ቀዩ ቀለም በምን እንደሚዘጋጅ ሊነግረኝ ጀምሮ ሰዓቱ አለቀብን።

ታሪኩ ትርጉሙን እንዲያስታውሳችሁ ይርዳችሁ። ጣፋጭ ስለሆነ ብቻ ግን አትመኑት።

ትርጉሙ ትክክል ሆኖ አጠቃቀሙ ስሕተት ሊሆን ይችላል?

አዎ። ይህን ጥያቄ በጣም በቁም ነገር ነው የምመልሰው፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጎልማሳ ተማሪ ነበረኝ። የውጭ አገር አለቃው አባት ሞቱበት። ተማሪዬ ደግ ሰው ነው፤ ለቅሶ ሳይደርስ መቅረት አይችልም። ስለዚህ ኢሜይል ጻፈ። ከዝርዝር ላይ «ኪክ ዘ በኬት ማለት መሞት» የሚል አይቶ ነበርና ያንኑ አስገባው። ጽሑፉን ከመላኩ በፊት ለኔ አሳየኝ። እግዜር አተረፈው።

«ኪክ ዘ በኬት» መሞት ማለት ነው፤ ውሸት አይደለም። ግን እንደኛ «ተደፋ» ነው። ወሎ ውስጥ ለቅሶ ድንኳን ገብቶ «አባትህ ተደፉ እንዴ?» የሚል ሰው አለ? «አረፉ» እንላለን። ሙስሊሙ «ወደ አኼራ ሄዱ» ይላል። በእንግሊዝኛም እንደዚያው «ፓስድ አዌይ» ይባላል። ለቤተሰቡ ደግሞ «አይ አም ሶሪ ፎር ዮር ሎስ» ይበቃል። እኛ እንዳስተካከልነው ላከው።

ስለዚህ ፈሊጥ ስትማሩ ትርጉሙን ብቻ አትጻፉ። ለማን እንደሚባልና የት እንደማይባል አብራችሁ ጻፉ። መዝገበ ቃላት ላይ «ኢንፎርማል» የሚል ምልክት ካያችሁ ቆም በሉ። ጓደኛ መሃል ይሆናል፤ ለአለቃ፣ ለለቅሶ፣ ለማመልከቻ ግን አይሆንም።

ቃሉን በሌላ ተመሳሳይ ቃል ብቀይረውስ?

አይሆንም። «ጆሮ ዳባ ልበስ»ን «ጆሮ ጋቢ ልበስ» ብትሉት ማን ይሰማችኋል? «ስፒል ዘ ቢንስ» ማለት ምሥጢር ማውጣት ነው፤ ባቄላውን በአተር ብትቀይሩት ምሥጢርም አይወጣም። ቅደም ተከተሉም አይነካም። የሚቀየረው ግሡ ነው፤ ትናንት ከሆነ «ስፒልድ» ይሆናል።

የእንግሊዙን ልያዝ ወይስ የአሜሪካኑን?

የምታወሩት ከማን ጋር ነው? እንግሊዞች «ተች ዉድ» ይላሉ፤ አሜሪካኖች «ኖክ ኦን ዉድ»። ሁለቱም እንጨት ነክቶ ክፉ ዓይን አይይብን እንደ ማለት ነው። ነገር ሸፍኖ ማለፍን እንግሊዞቹ ምንጣፉን «ካርፔት» ብለው፣ አሜሪካኖቹ «ረግ» ብለው ይናገሩታል። ሁለቱም ወገን የሌላውን ይረዳል። ብዙ አትጨነቁበት።

ለፈተና ይጠቅማል?

አይኤልትስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የንግግር ክፍል ላይ ውጤት 7 ለማግኘት ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ብዙም ያልተለመዱና ፈሊጣዊ የሆኑ ቃላትን መጠቀም መቻል ነው። ይህ በመመዘኛው ላይ ተጽፏል። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ በአንድ ደቂቃ አምስት ፈሊጥ ይደረድራሉ። ያ ይጎዳል። መመዘኛው ቃሉ ቦታው ላይ መዋሉንም ያያል። አንድ፣ በቦታው የገባ፣ ሳይታሰብ የወጣ ፈሊጥ ይበልጣል። የጽሑፍ ክፍሉ ላይ ደግሞ በአብዛኛው መደበኛ አጻጻፍ ስለሚጠበቅ ፈሊጡን ተዉት።

የኛን ፈሊጥ ወደ እንግሊዝኛ እንዴት ልውሰደው?

መጀመሪያ ሆዳችንን እንመልከት። አማርኛ ስሜትን ሆድ ውስጥ ያስቀምጣል። «ሆዴ ባባ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። እናት ልጇን «ሆዴ» ትላለች። ይህን ሁሉ «ስቶማክ» እያላችሁ ብትተረጉሙ ሰሚው ሐኪም ቤት ሊወስዳችሁ ይነሳል። እንግሊዝኛ ስሜትን የሚያስቀምጠው ልብ ላይ ነው። «ሆዴ ባባ» ለማለት «አይ ዋዝ ክሎዝ ቱ ቲርስ» በሉ፤ እንባዬ ቀርቦ ነበር እንደ ማለት። «ሆዴ»ን «ማይ ዲር» በሉት። «ሆድ ይፍጀው» ግን ልክ የሚሆን አላገኘሁለትም። ረጅም አድርጌ ነው የማስረዳው።

ሌሎቹ ደግሞ እህት አላቸው። «ገንዘቤን ውሃ በላው» ስትሉ «ዳውን ዘ ድሬይን» አለ፤ እዚያም የሚወስደው ውሃ ነው። «እጅ ከፍንጅ ተያዘ» ስትሉ «ሬድ ሃንድድ» አለ፤ እጁ ላይ ደም ሳይደርቅ ማለት ነው። «ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት» ስትሉ «አይ ቢት ዘ ቡሌት» አለ፤ እነሱ የሚነክሱት ጥይት ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ «ጥርስ ነከሰበት» ሌላ ነው፤ ቂም ነው። ለሱ «ሆልድ ኤ ግረጅ» ይባላል።

መንገዱ እንዲህ ነው። አባባሉን አትተርጉሙ። ምን ሥራ እየሠራ እንደሆነ በራሳችሁ ቋንቋ ጠይቁ። ያዝናል? ይቆጣል? ያስታርቃል? ከዚያ በእንግሊዝኛ ያንን ሥራ የሚሠራውን ፈልጉ። ካጣችሁት በቀላል ቃል ተናገሩት። ማንም አይቀየማችሁም።

ጎግል ትርጉም አይበቃኝም?

የታወቀውን አንዳንዴ ያገኘዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ቃል በቃል ይሰጣችኋል። የቱን እንዳደረገ አይነግራችሁም። የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይሻላል። ፈሊጡ ውስጥ ካሉት ዋና ቃላት አንዱን ፈልጉ፤ ከሥሩ ፈሊጦቹ ተለይተው ይቀመጣሉ። ከትርጉሙ ይልቅ ምሳሌውን አንብቡ።

እንዴት ላጥናቸው?

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ትእዛዝ አንድ ነው፤ በሳምንት ሁለት ብቻ። ደብተራችሁ ላይ ፈሊጡን ከሰማችሁበት ቦታ ጋር ጻፉት፤ ማን አለ፣ ለማን፣ ምን ተፈጥሮ። ሥሩ የኛን አማርኛ ጻፉ። ከዚያ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፤ ስለ ቤታችሁ፣ ስለ ሸዋ በር ትራንስፖርት፣ ስለ ገበያው። ሦስት ጊዜ ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰሙት በራሳችሁ አፍ አታውሉት። መረዳት ላይ ግን ገደብ የለም። ብዙ ተረዱ፤ ጥቂት ተናገሩ።

«አብሽር» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ከሁሉ ጥያቄ በላይ የተጠየቅኩት ይህን ነው፤ ከሁሉ በላይም የምወደው። ቃሉ ከአረብኛ ነው፤ «ደስ ይበልህ» የሚል መንፈስ አለው። ወሎ ግን አሳድጎታል። አይዞህ፣ ያልፋል፣ አለሁልህ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ይላል። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አይሸከመውም። ስለዚህ እንደ ሁኔታው ይከፋፈላል። የሚያልፍ ችግር ውስጥ ላለ ሰው «ሃንግ ኢን ዜር» በሉት። ላዘነ ጓደኛ እንግሊዞች «ቺን አፕ» ይላሉ፤ አገጭህን ቀና አድርግ። ከጎንህ ነኝ ለማለት «አይ ሃቭ ጎት ዮር ባክ» አለ።

ባለፈው አንዲት ተማሪዬ መጣች። ቤሩት ሠርታ ተመልሳለች። እዚያ አብራት የነበረች ፊሊፒናዊት ጓደኛዋ እናቷ ታመውባት ጽፋላታለች። «ቲቸር፣ አብሽሪ ልላት ነበር፤ ምን ልበላት?» አለችኝ። «ሃንግ ኢን ዜር፣ ማይ ሲስተር» ብለን አብረን ጻፍን። መልሱ ወዲያው መጣ። ስልኳን አዙራ አሳየችኝ። ጓደኛዋ ማመስገኛውን በእንግሊዝኛ ጽፋ፣ ከሥሩ ድሮ ወጥ ቤት ውስጥ ስትሰማው የነበረውን ቃል እንደመሰላት በእንግሊዝኛ ፊደል አስቀምጣላታለች፦ «አብሽሪ»።